የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝ ምግብ በባሕረ ሰላጤው ገበታ

ከዱባይ፣ ከአቡዳቢ፣ ከዶሃና ከሌሎች ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች ዙሪያቸው አንድ ነው፦ እዚያ ያሉ የእንግሊዝ ምግብ ቤቶችና ፐቦች (ምግብም የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች)። አንዱ ያመሰገነውን ቤት ሌላው «ደግሜ አልረግጠውም» ይላል፤ እንግሊዛውያኑ ራሳቸውም አይስማሙበትም። መልሶቹን ያዘጋጁት በወጥ ቤትና በመስተንግዶ ሙያ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዛውያን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ሆቴል ውስጥ ባለ ፐብ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ (በሊጥ ተሸፍኖ የተጠበሰ ዓሣ ከተጠበሰ ድንች ጋር) እንበላለን። አንድ ቀን የዓሣው ሽፋን ኮሽ ይላል፤ በሌላው ቀን ዘይት ጠጥቶ ይመጣል። ቺፕሱማ ሁልጊዜ ልፍስፍስ ነው። ከባልደረቦቼ ግማሹ «ልክ እንደ አገራችን» ይላል፣ ግማሹ አይዋጥለትም። ወጥ ቤቱ አንድ፣ ሜኑው አንድ፤ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዱባይ)

መልስ፦ የእንግሊዝ ምግብ በርበሬ የለውም፣ ቅመሙም ጥቂት ነው። ስለዚህ ያረጀ ዘይት፣ ውሃ የበዛበት ድንች ወይም ሃያ ደቂቃ የቆየ ሳህን መሸሸጊያ አያገኝም። በአገሩ ጥሩ የሆነው ውጭ አገር ሲሄድ የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ላይ ደግሞ ይህ ከሁሉ ይብሳል።

ከዓሣው እንጀምር። በእንግሊዝ የሚጠበሰው በአብዛኛው ኮድ ወይም ሃዶክ የሚባለው ነጭ ሥጋ ያለው የባሕር ዓሣ ነው። በሰሜንና በስኮትላንድ ሃዶክ ይመረጣል፣ በደቡብ ኮድ። በዮርክሻየር ብዙ ቤቶች በቀለጠ የበሬ ስብ ይጠብሳሉ፣ በሌላው አካባቢ የአትክልት ዘይት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሊድስ ያደገና ለንደን ያደገ ሰው ከአንድ ሳህን በልተው ባይስማሙ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የለመዱት ምግብ አንድ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ሆቴሎች ደግሞ የሚጠበሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአትክልት ዘይት ነው።

ወደዚያ የሚመጣው ኮድ በረዶ ሆኖ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ መርከብ ላይ ወዲያው በረዶ የሆነ ዓሣ፣ «ትኩስ» ተብሎ ቀናት ከቆየው ይሻላል። የሚበላሸው ሲቀልጥ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ መቅለጥ ሲገባው፣ ቸኩለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከነከሩት ሥጋው ይላላል፣ ውሃውንም ይዞ ወደ ዘይት ይገባል። ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል። ሌላው ችግር የዓሣው ዓይነት መቀየሩ ነው። ሜኑ ላይ «ክሪም ዶሪ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፓንጋሲየስ ነው፤ በቬትናም በብዛት የሚረባ ለስላሳ ዓሣ። ኮድ በሹካ ሲነካ በትልልቅ ቅጠል ይለያያል፣ ፓንጋሲየስ ግን ይላሽቃል። ሜኑው «ዓሣ» ብሎ ብቻ ካለፈ ምን ዓሣ እንደሆነ ይጠይቁ። የአካባቢው ሐሙር ሥጋው ጠንከር ያለ ስለሆነ ለዚህ አጠባበስ ይስማማል፤ እንግሊዛዊ አይደለም ብለው አይለፉት።

ቤትዎ መሞከር ቢፈልጉ፣ ለአራት ሰው 170 ግራም የሚመዝኑ አራት ቁራጭ ዓሣዎች ይያዙ። ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ያቆዩና በወረቀት ፎጣ በደንብ ያድርቋቸው። 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቅሉ። በመጨረሻው ደቂቃ 280 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ወይም ጋዝ ያለው ውሃ ጨምረው በጥቂቱ ብቻ ያማስሉ። ትንንሽ ጓል ቢቀር ምንም አይደለም፤ ብዙ ካማሰሉት ሊጡ ይጠነክራል፣ ጋዙም ይወጣል። ዓሣውን መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ያስነኩት፣ አለዚያ ሊጡ ተላቆ ይወድቃል። ዘይቱ 180 ዲግሪ ሲደርስ ሁለት ሁለት ቁራጭ ብቻ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ይጥበሱ። አራቱን ባንዴ ከጨመሩ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ሊጡ ከመድረቁ በፊት ዘይት ይጠጣል። በዕረፍት ቀናት ማታ ፐቡ ሲጨናነቅ እርስዎ ሳህን ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። የሚያንጠፈጥፉትም በሽቦ ወንፊት ላይ ይሁን፤ ወረቀት ላይ የተኛ ዓሣ በገዛ እንፋሎቱ ይለሰልሳል።

ቺፕሱ ልፍስፍስ የሚሆነው ከድንቹ የተነሳ ነው። እንግሊዞች ለቺፕስ በብዛት የሚጠቀሙበት ማሪስ ፓይፐር የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከ1966 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ ውሃው ያነሰ ስታርቹ የበዛ ድንች። በአረብ ገበያ በብዛት የሚገኘው ስፑንታ ግን ውሃ ይበዛዋል፤ ከውጭ ቶሎ ይጠቁራል፣ ከውስጥ ይረጥባል። ድንች በጣም በሚቀዘቅዝ ክፍል ከተቀመጠም ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሲጠበስም ሳይበስል ይጠቁራል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል፣ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል፣ በ140 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ቀለም ሳያወጣ ይበስላል፣ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በ190 ዲግሪ 3 ደቂቃ ይጠበሳል። ሁለት ጊዜ የመጥበስ ትዕግሥት የሌለው ወጥ ቤት ጥሩ የፋብሪካ ቺፕስ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ይህን ስንል እንደ ነቀፋ አይታይ።

አንድ ነገር እንጨምር። አብሮት የሚመጣው መሺ ፒስ በአገሩ ከደረቀ ትልቅ አተር የሚሠራ ነው፤ ሶዳ በገባበት ውሃ ሌሊቱን ያድርና ይቀቀላል። ብሩህ አረንጓዴና ጣፋጭ ከሆነ በረዶ የነበረ አተር ተፈጭቶ ነው። እቤት የሚያደርሱ ድርጅቶችን ይህን ምግብ አይዘዟቸው፤ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ አሥር ደቂቃ የቆየ ሊጥ የሚያድነው የለም።

ጥያቄ፦ አቡዳቢ ሆቴል ውስጥ ረዳት አብሳይ ነኝ። ዮርክሻየር ፑዲንጌ (ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት ተጋግሮ ከጥብስ ሥጋ ጋር የሚቀርበው) አንዳንድ ቀን አይነሳም፣ ሲነሳም ለአስተናጋጁ የምናስረክብበት መስኮት ላይ ሳይደርስ ይወድቃል። ሼፉ «ሊጡ ነው» ይላል፤ እኔ ግን ምድጃውን እጠረጥራለሁ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ልክ ሊሆን ይችላል። የሆቴል ኮምቢ ምድጃ እርጥበት የሚለቅ ቁልፍ አለው፤ ከእርስዎ በፊት ዶሮ የሠራው ሰው በእንፋሎት ላይ ትቶት ከሄደ ፑዲንጉ አይደርቅም። ደረቅ ሙቀት ላይ ያድርጉት፣ እርጥበቱን ዜሮ፣ ማራገቢያውን ዝቅ።

ሊጡን በግራም ሳይሆን በስፍር ይለኩ፤ የእንቁላሉ መጠን ከአቅራቢ አቅራቢ ይለያያልና። ሰብረው በመለኪያ ጆግ ያስገቡት፤ 200 ሚሊ ሊትር እንቁላል ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ወተትና በዚያው ጆግ እስከ 200 መስመር የሚሞላ ዱቄት ይጨምሩ። ዱቄቱ ተራ ይሁን፤ ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ፑዲንጉን ኬክ ያደርገዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት።

ቁም ነገሩ ስቡ ላይ ነው። በመጋገሪያ ቆርቆሮው በየጉድጓዱ 1 የሻይ ማንኪያ የበሬ ስብ ወይም የሱፍ ዘይት ጨምረው ቆርቆሮውን በ220 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያግሉት፤ ጭስ እስኪጀምር ድረስ። ቅቤ ይቃጠላል። ሊጡ ሲፈስ ካልጮኸ አልጋለም፣ ይመልሱት። እስከ ግማሽ ብቻ ሞልተው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋግሩ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በሩን አይክፈቱ። ከወጣ በኋላ የሚወድቀው ግድግዳው ስላልደረቀ ነው። ቀለሙ አማረ ብለው አያውጡት፣ ሌላ 4 ደቂቃ ይተዉት። የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ማኅበር በ2008 ቁመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ፑዲንግ ዮርክሻየር አይባልም ብሎ ነበር፤ ለሼፍዎ ይንገሩት።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ ለመሥራት ካሰቡ ደግሞ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈች ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጡ ፈጥኖ ያብጣል፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ይወድቃል። ከወተቱ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሰው አንድ እንቁላል ይጨምሩ፣ መጋገሪያውንም 5 ደቂቃ ያርዝሙ።

ጥያቄ፦ ሰንዴይ ሮስት (የእሑድ የምድጃ ጥብስ ሥጋ) ለመብላት የትኛው ቀንና ሰዓት ይሻላል? ሥጋው ቀይ ሆኖ ይመጣብኛል፤ ጥሬ ነው ብዬ መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ቀኑ እንደ አገሩ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጥር 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን የዕረፍት ቀን ስላደረጉ እዚያ እሑድ ይሠራል። ዶሃና ሪያድ ግን የሚያርፉት አርብና ቅዳሜ ስለሆነ በአርብ የሚያቀርቡ ቤቶችን ይፈልጉ፤ በሥራ ቀን የሚቀርብ ሮስት ብዙ ጊዜ ያደረ ሥጋ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ይበልጣል። ትልቁ ሥጋ የሚወጣው ለምሳ አንድ ጊዜ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አርፎ ይቆረጣል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የደረሰ ሰው ጥሩውን ያገኛል። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚመጣው መብራት ሥር የደረቀ ሥጋና ቆዳ የሆነ ድንች ነው።

ቀዩ ደም አይደለም፤ ሥጋውን የሚያቀላው ሚዮግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ነው። እንግሊዞች ይህን የበሬ ሥጋ መሐሉ ከ55 እስከ 57 ዲግሪ ሲደርስ ያወጡታል። ካልወደዱት ከመቆረጡ በፊት «የዳር ቁራጭ» ይበሉ፤ ዳሩ ሁልጊዜ የበሰለ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ የተጠበሰ ሥጋ ይደርቃል። አብሮ የሚመጣው ነጭ ማባያ ሆርስራዲሽ ነው፤ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ስለሚወጋ በትንሹ ይንኩት።

ጥያቄ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። ሁለታችንም አሳማ አንበላም። በእንግሊዝ ምግብ ቤት ምኑን እንፍራ?

መልስ፦ በኩዌትና በሳዑዲ አሳማ የተከለከለ ስለሆነ ጭንቀቱ የለም። በዱባይ ግን ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ያቀርባሉ፤ ማከማቻውንና ማዘጋጃውን መለየት፣ ሜኑው ላይም ምልክት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።

ቤከንና ሶሴጅ በስማቸው ይታወቃሉ፤ ማስተዋል የሚሻው ስሙ የማይናገረው ነው። ስኮች ኤግ በሶሴጅ ሥጋ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። ብላክ ፑዲንግ ከአሳማ ደም የሚሠራ ስለሆነ ለሁለታችሁም በሁለት በኩል የተከለከለ ነው። ቶድ ኢን ዘ ሆል ሶሴጅ የተቀበረበት ሊጥ ነው። በሮስቱ ጎን የሚቀርበው ስተፊንግ (ከዳቦ ፍርፋሪ የሚሠራ ማባያ) አንዳንዴ የሶሴጅ ሥጋ አለበት። የቀዝቃዛ ፓይ ሊጥም በአሳማ ስብ ሊታሸ ይችላል። የቁርሱ ፍራይድ ብሬድ (የተጠበሰ ዳቦ) እና እንጉዳይ ቤከን ከተጠበሰበት ሰሌዳ ላይ ሊወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ «በሌላ መጥበሻ ይሠራልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሼፐርድስ ፓይ የበግ፣ ኮቴጅ ፓይ የበሬ ሥጋ ነው።

ጓደኛዎ የዓሣው ሊጥ በቢራ ይሁን በውሃ መሆኑን ትጠይቅ። ቢራው ሲጠበስ ሙሉ በሙሉ ይተናል የሚለው ትክክል አይደለም። አልኮል በማይሸጥባት ሻርጃ በጋዝ ውሃ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ሊጡ በደንብ ከቀዘቀዘ ኮሽታው አይጎድልም።

በቱርክ ዶሮ ወይም በበሬ የተሠራው «ቤከን» ለምን አይጣፍጥም ለሚሉም፦ በአብዛኛው ስቡ ስለሚያንስ ነው። የእንግሊዝ ሶሴጅም በአገሩ ሙሉ ሥጋ አይደለም፤ ሕጉ «የአሳማ ሶሴጅ» ለመባል የሚጠይቀው ቢያንስ 42 በመቶ ሥጋ ነው፣ ቀሪው ስብ፣ ውሃና የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ። ያንን ልስላሴ የለመደ እንግሊዛዊ የበሬውን ሶሴጅ «ድርቅ ያለ» ቢለው አይገርምም።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን የገና ግብዣ በታኅሣሥ 25 በፈረንጆቹ ነው፤ ለእኔ የነቢያት ጾም ነው። ምን ልበላ?

መልስ፦ አስተናጋጁን «ቬጂቴሪያን» አይበሉት፤ አይብና እንቁላል ይመጣልዎታል። «ቪጋን» ይበሉ፤ ከጾም ጋር የሚገጥመው ቃል እሱ ነው። ግብዣ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ያሳውቁ፤ በዕለቱ ወጥ ቤቱ ጊዜ አይኖረውም።

የጾም መስሎ የፍስክ የሆነው ብዙ ነው። የተጠበሰው ድንች በዝይ ወይም በበሬ ስብ ይሠራል። ካሮቱና ጎመኑ መጨረሻ ላይ ቅቤ ይቀባል። ግሬቪ የሚባለው መረቅ ከሥጋው ጭማቂ ነው። ሚንስ ፓይና ክሪስማስ ፑዲንግ ፍራፍሬ ብቻ ይመስላሉ፤ በባህላዊው አሠራር የበሬ ሞራ አለባቸው፣ አንዳንድ ፋብሪካ ግን በአትክልት ስብ ይሠራቸዋል፣ ካርቶኑን ያስነብቡ። ዉስተርሻየር ሶስ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት። ጄሊው ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ነው።

የሚቀረው አያስርብም፦ ቤክድ ቢንስ (በቲማቲም ሶስ የበሰለ ቦሎቄ) ቅቤ ባልተቀባ ቶስት ላይ፣ በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይና ቲማቲም፣ ቅቤ ያልገባበት መሺ ፒስ፣ በአትክልት ዘይት የተጠበሰ ቺፕስ በገብስ ብቅል ኮምጣጤ። ቺፕሱ ዶሮ ወይም ዓሣ ከሚጠበስበት ዘይት የተለየ መሆኑን ይጠይቁ። ዓሣን በጾም ስለ መብላት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እኛ የምንለው፣ ቢፈቀድልዎ እንኳ ሊጡ ውስጥ እንቁላልና ወተት አለመኖሩን ያረጋግጡ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ምግብ ቤት ሜኑ ላይ የሕንድ ካሪ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ቤተኛ ነው። ሼክ ዲን መሐመድ የተባለ ሕንዳዊ በ1810 ለንደን ውስጥ የሕንድ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። በ2001 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለው ጠርተውታል። በባሕረ ሰላጤው ወጥ ቤቶች ከሚሠሩት አብሳዮች ብዙዎቹ የደቡብ እስያ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሮስቱ ባልተሳካበት ቤት ካሪው ግሩም ሊሆን ይችላል። ቤቱን ካላወቁት በእሱ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ 100 ድርሃም የተጻፈበትን ምግብ አዝዤ ከ120 በላይ ከፈልኩ። ተታልያለሁ? (ዱባይ)

መልስ፦ የሜኑውን የመጨረሻ መስመር ያንብቡ። ዋጋው ሁሉን ያካተተ ከሆነ 100 ማለት 100 ነው። «በተጨማሪ» የሚል ካለ ግን 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት፣ 5 በመቶ ቫት ይደመርበታል፤ 122 ድርሃም አካባቢ ይደርሳል። የአገልግሎት ክፍያው ለአስተናጋጁ መድረሱ የተረጋገጠ አይደለም። ማመስገን ከፈለጉ በእጁ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ፐብ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠን ማንም አልታዘዘንም። ሻያቸውም ለብ ያለ ውሃ ነው።

መልስ፦ በእንግሊዝ ልማድ ፐብ ውስጥ ባንኮኒው ድረስ ሄደው ያዝዛሉ፣ እዚያው ይከፍላሉ፣ የጠረጴዛውን ቁጥር ይናገራሉ። ውጭ አገር ያሉት ግማሾቹ ይህን ይዘዋል፣ ግማሾቹ አስተናጋጅ አላቸው። ሲገቡ «እዚህ ልዘዝ ወይስ ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሻዩን በተመለከተ፣ ሙቅ ውሃ በኩባያ፣ ከረጢቱ በሳህን ዳር ከመጣ ገና ከመነሻው ተበላሽቷል፤ ከቡና ማሽን የወጣው ውሃ ጠረጴዛ እስኪደርስ ቀዝቅዟል። «ከረጢቱ ጀበናው ውስጥ ይሁን፣ የፈላ ውሃ ላዩ ላይ ይፍሰስ፣ ወተቱ ቀዝቃዛ ይሁን» ብለው ይዘዙ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆዩት። ወተቱ በካርቶን ለወራት የሚቆየው ዓይነት ከሆነ የተቀቀለ ጣዕም ይሰጠዋል፤ ከፍሪጅ የወጣ ትኩስ ወተት እንዳላቸው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ምግቡ ሲበላሽ ቅሬታ እንዴት ይቀርባል? እንግሊዛውያን ጓደኞቼ «ጥሩ ነበር» ብለው ይወጡና ማታ ኢንተርኔት ላይ ይወርዱበታል።

መልስ፦ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደቀመሱ ይናገሩ። ግማሹን ከበሉ በኋላ የሚቀየርልዎ የለም፤ ማታ የተጻፈም ለእርስዎ ሳህን አይደርስለትም። አስተናጋጁን ጠርተው ጥፋቱን ለይተው ይንገሩት፦ «ቺፕሱ ለስልሷል፣ በአዲስ ይጠበስልኝ» ወይም «ዓሣው መሐሉ አልበሰለም»። «አልጣፈጠኝም» ካሉ ወጥ ቤቱ ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። የተለሰለሰ ቺፕስ በአምስት ደቂቃ፣ ዘይት የጠጣ ዓሣ በአሥር ደቂቃ ይተካል። የደረቀ ሮስት ግን በዚያ ቀን አይተካም፤ በምትኩ ሌላ ምግብ ወይም ከሒሳቡ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ። አስተናጋጁ ካልቻለ የፈረቃ ኃላፊውን ያስጠሩ፤ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ይሁን።